ፍሬሙን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ካራ ታክሲ መያዣው ጋ ከሚያዞር ልጅ እገዛለሁ። የማነበው ግን ሰኞ ነው። ቅዳሜ ሥራ ይበዛል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሰኞ ቀለም እስኪደርቅ ስጠብቅ ከፊት እስከ ኋላ እጨርሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ፣ አይቀየሙኝና፣ ጠረጴዛ ላይ አነጥፈዋለሁ። የተረፈ ቀለም በመምጠጥ ጋዜጣን የሚያህል የለም።

ባለፈው ሰሞን ስለ ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ግን ሳላነጥፈው አስቀመጥኩት። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ እኛ ትንንሾቹ የማናድገው አሮጌ መሣሪያ ላይ ሙጭጭ ስለምንል ነው፤ መጠጋገኑን ትተን በአዲስ እንተካ። ልባቸው ጥሩ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እኔ ይህን ምክር ማንም ሳይመክረኝ ሞክሬው ከስሬበታለሁ። ከዚያ ደግሞ ተቃራኒውን ሞክሬ የባሰ ከስሬያለሁ። ስለ መሣሪያ ሁሉ ለመናገር አቅሙ የለኝም። ስለ አንዱ ግን የምለው አለኝ፤ ስለ ሲልክ ስክሪን ፍሬም።

ካራ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ቲሸርትና የጨርቅ ቦርሳ ላይ አትማለሁ። ዘንድሮ 14 ዓመቴ ነው። አንድ ረዳት አለኝ፤ ወጣት ነው። እትዬ ይለኛል። ሲናደድብኝም እትዬ ነው የሚለኝ፤ ድምፁ ብቻ ይቀየራል።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ፍሬም ማለት እንደ መስኮት ያለ አራት ማዕዘን እንጨት ወይም አልሙኒየም ነው። በላዩ ላይ በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ጨርቅ ተወጥሮ ይለጠፋል። ፍሬሙን ከነጨርቁ ስክሪን እንለዋለን። ጨርቁ ላይ ኢማልሽን፣ ማለትም ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ፈሳሽ፣ እንቀባና ሥዕሉ ያለበትን ፊልም አስደግፈን ፀሐይ እናስመታዋለን። ከዚያ በውሃ እናጥበዋለን። ፀሐይ ያልነካው ቦታ ታጥቦ ይሄዳል፤ ሥዕሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ቀለሙን በጎማ ስንገፋው በዚያው አልፎ ቲሸርቱ ላይ ያርፋል። በነገራችን ላይ ሲልክ ይባል እንጂ ሐር ከቀረ ቆይቷል። ዛሬ የምንወጥረው ፖሊስተር ነው።

ወንፊት አስቡ። ወንፊት ሲቀደድ እናቶቻችን ክቡን ጥለውት ያውቃሉ? እኔ ግን ጥያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ስድስት የአልሙኒየም ፍሬሞች ነበሩኝ። ሥራዋን ካቆመች አንዲት ሴት ነው የገዛኋቸው። የሁለቱ ጨርቅ ተቀዷል፣ የአራቱ ረግቧል። ክፍሌ ጠባብ ናት። ግድግዳ ተደግፈው በተንቀሳቀስኩ ቁጥር እግሬ ላይ ይወድቃሉ። አንድ ማክሰኞ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ። ወጥቼ ጠራሁት። ልጁ ፍሬሙን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነና፣ «ማዘር፣ ይሄ እኮ ውስጡ ባዶ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ነው። እንደ አሮጌ ድስት በኪሎ ሒሳብ ወሰዳቸው። የሰጠኝ ብር ለአንድ ጣሳ ነጭ ቀለም እንኳን አልበቃም። ክፍሌ ሰፋችልኝ ብዬ ግን ደስ አለኝ።

ሐሙስ ዕለት የአራት ቀለም ሥራ መጣ። አራት ቀለም ማለት አራት ፍሬም ማለት ነው። መርካቶ ወርጄ ዋጋ ጠየቅሁ። ሻጩ ሲነግረኝ የሁለቱ መስሎኝ «የአንዱን ንገረኝ» አልኩት። የአንዱ ነበር።

ሳልገዛ ተመልሼ ቆራሌውን ፍለጋ ገባሁ። ጠይቄ ጠይቄ ዕቃቸውን የሚያስረክቡበትን ግቢ ኮተቤ አገኘሁት። ከስድስቱ አራቱ ገና አልተጫኑም። ከተጨፈለቀ የለስላሳ ጣሳና ከተሰበረ ምጣድ ሥር ተኝተዋል። የግቢው ሰውዬ ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ዋጋውን የቆረጠው። የሸጥኩበትን ሦስት እጥፍ ከፍዬ የራሴን ዕቃ ተሸክሜ ወጣሁ። በአንደኛው ላይ ሰው ቆሞበት ጎብጧል። ሦስቱ ግን ዛሬም ይሠራሉ። ጨርቃቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ ቀይሬላቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን ትምህርቱን አበዛሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ምንም አይጣልም አልኩ። ጨርቅ ከተቀደደ ጨርቅ ይቀየራል፣ በቃ። አልሙኒየምም ይሁን እንጨት፣ ቀጥም ይበል ይጥመም፣ ይቀየራል።

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት የሠፈራችን ልጆች መጡ። ታቦት የሚያጅቡት፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች ናቸው። 150 ነጭ ቲሸርት አዘዙ። ጀርባው ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ከሥሩ ጽሑፍ። ጥር 9 ሊረከቡ ተስማማን። ጥር 10 ከተራ ነው። ከዚያ ካለፈ ቲሸርቱን ማን ይፈልገዋል?

ሦስቱ አልሙኒየም ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ሦስት የቆዩ የእንጨት ፍሬሞች አወጣሁ፤ ከሞራሌ የተሠሩ። አሮጌውን ጨርቅ ቀደድኩ፣ የስቴፕለሩን ሽቦ በፒንሳ ነቀልኩ፣ አዲስ ጨርቅ ገዝቼ ወጠርኩባቸው። እንዴት ያለ ውጥር መሰላችሁ! በጣቴ መታ ሳደርገው እንደ ከበሮ ይጮሃል። ራሴን ሳደንቅ ዋልኩ።

ያላየሁት እንጨቱን ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ከርሟል። ስክሪን በታጠበ ቁጥር እንጨት ይጠጣል። ከዚያ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የካራ ደረቅ ነፋስ ይመጣል፤ እንጨቱ የጠጣውን መልሶ ይሰጣል። እንጨት ደግሞ እኩል አይደርቅም። አንዱ ጎን ቀድሞ ይሰበሰባል፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው ምስማር ይላላል፣ ፍሬሙ ትንሽ ይጠማዘዛል። በዓይን አይታይም። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ በኃይል የተወጠረ ጨርቅ ጨመርኩበት። ጨርቁ ጎኖቹን ወደ ውስጥ ሲስብ ጠማማው ባሰበት።

አረንጓዴው በደንብ አረፈ። ቢጫውም ደህና ነበር። የቀዩ ፍሬም ነው ጉዱ። ጎማውን ስገፋ አንዱ ጥግ ይረግጣል፤ ስለቀው ይነሳል። በእያንዳንዷ ቲሸርት ላይ ትንሽ ትንሽ እየሸሸ ሄደ። ወደ 20ኛው ላይ በቀዩና በቢጫው መካከል ክር የምታህል ነጭ ክፍተት ታየች። መጀመሪያ ያያት ረዳቴ ነው። «እትዬ፣ ይሄ ነገር እየሸሸ ነው» አለኝ። «አንተ ነህ ቲሸርቱን አጣመህ የምታነጥፈው» አልኩት። ዝም አለ። ወደ 50ኛው ላይ ክፍተቷ የክብሪት እንጨት አከለች። ያኔ ነው ጎማውን ያስቀመጥኩት። በቤት ውስጥ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እዚህም እጠይቀዋለሁ።

38 ቲሸርት ተበላሸ። ጥር 8 ማታ ነበር። ሌላ ሥራ የያዘውን አንዱን አልሙኒየም ኢማልሽኑን አጠብኩና በአዲስ ቀብቼ አሳደርኩት። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል አስመታሁት። ቀዩን በሱ ላይ ጨረስን። 38 አዲስ ቲሸርት ከኪሴ ገዛሁ። ልጆቹ ጥር 10 ረፋድ ላይ፣ ምንጣፉን ተሸክመው ሊወጡ ሲሉ፣ ትኩስ በትኩሱ ለበሱት። አንድ ቀን ማርፈዴን ግን እስከ ዛሬ ያነሱብኛል። የተበላሹትን መስቀል ስላለባቸው መጥረጊያ ላደርጋቸው አልደፈርኩም። ረዳቴ እየቀያየረ ለሥራ ይለብሳቸዋል። ጎንበስ ባለ ቁጥር ያቺ ክፍተት ፊቴ ድቅን ትላለች።

ከጥምቀት በኋላ ያንን ፍሬም ይዤ ጎረቤታችን ያሉ አናጢ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ጨርቁን እያሳየሁ «ውጥሩ ምን ጎደለው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ጨርቁን ምን አደረግሽው? እንጨቱን እይው እንጂ» አሉኝ። ከጓሮ የተሰበረ ጠረጴዛ መስታወት አመጡ፤ ወፍራም፣ ግማሽ በር የሚያህል። ፍሬሙን አስተኙበትና አንዱን ጥግ በጣታቸው ጫን አደረጉ። ቀጭ አለ። ለቀቁት፤ ቀጭ። ደግመው ጫኑት። ቀጭ። «እኔ እኮ ጠረጴዛ ላይ አይቼው ነበር፤ ደህና ነበር» አልኳቸው። «ጠረጴዛሽም ጠማማ ነዋ!» አሉኝ። ጠረጴዛዬን የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ያንን መስታወት ለምኜ ወሰድኩት። ዛሬ የክፍሌ በር ጋ ነው ያለው። የትኛውም ፍሬም በሱ ላይ ሳይተኛ አዲስ ጨርቅ አይለብስም። አራቱን ጥግ ተራ በተራ እጫናለሁ። ካልተንቀጫቀጨ እሰየው። ከተንቀጫቀጨ በተነሳው ጥግ ሥር የሞባይል ካርድ ወረቀት አስገባለሁ። አንድ ካርድ ከገባ ያ ፍሬም ለብዙ ቀለም ሥራ አበቃለት፤ ለአንድ ቀለም አቆየዋለሁ። ሁለት ሦስት ተደራርቦ ከገባ ለምንም አይሆንም። ይህ የማንም ሕግ አይደለም፤ የኔ የቤቴ ነው። ግን ከጥምቀቱ ወዲህ አላሳፈረኝም።

ከመስታወቱ በኋላ ክር አወጣለሁ። በእያንዳንዱ ጎን ከጥግ እስከ ጥግ ወጥሬ እይዘዋለሁ። መሐል ላይ ፍሬሙ ከክሩ ወደ ውስጥ ከሸሸ ጎብጧል ማለት ነው። የጎበጠ ፍሬም ላይ ጨርቅ ጥግ ጥጉ ላይ ይጠብቅና መሐሉ ይረግባል። ሥዕሉ ያለው ደግሞ መሐሉ ላይ ነው። ያ ሰው የቆመበት አልሙኒየሜ በመስታወት አለፈ፣ በክር ወደቀ። ጨርቅ አላባክንበትም። በሱ ላይ ዛሬ ቲሸርት አጥፈን እንከምራለን።

አልሙኒየም ሌላም ነገር አለው። ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ውሃ ሲንሿሿ ከሰማችሁ ብየዳው ተሰንጥቋል ወይም የመርፌ ቀዳዳ አለው። ስክሪኑን ስናጥብ ውሃው ከነኬሚካሉ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በኋላ ስናትም ፍሬሙ ዘንበል ሲል ጠብ ይላል። አንዴ የምረቃ ቲሸርት ላይ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ግራጫ ጠብታ አግኝተን ጣሪያውን ስንመረምር ዋልን። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ኤፖክሲ ሙጫ ይበቃዋል። ብየዳው ከለቀቀ ግን አልሙኒየም የሚበይድ ባለሙያ ነው የሚፈልገው፤ የሠፈር በር ሠሪ አይችለውም። ሁለት ጥግ ከለቀቀ ያኔ ቆራሌውን ጥሩት፤ እኔም እጠራዋለሁ።

አሁን ወደ ብር ልምጣ። የጋዜጣችሁ ጸሐፊ ሒሳብ እንድናሠላ ይመክራሉና ላስላ።

የኔ የዘወትር ፍሬም 40 በ50 ሳንቲ ነው። ስንወጥር ለመያዣ በየጎኑ 10 ሳንቲ ይተርፍ ካልን ጨርቁ 60 በ70 መሆን አለበት። የምገዛው ጥቅል ስፋቱ 127 ሳንቲ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጎን ሁለት ይወጣል። 1 ሜትር ከ40 ሳስቆርጥ አራት ፍሬም አለብሳለሁ። አንድ ሜትር ብቻ የገዛ ሰው ግን ሁለት አልብሶ 30 ሳንቲ እራፊ ታቅፎ ይቀራል። ለዚህ ነው አንድ ስክሪን በተቀደደ ቁጥር መርካቶ የማልሮጠው። ቀጥ ያሉት ፍሬሞች አራት እስኪሞሉ እጠብቃለሁ። ታክሲውም አንድ ጊዜ፣ ሙጫውም አንድ ጊዜ።

በኔ ደብተር፣ አንድ አዲስ የአልሙኒየም ፍሬም የምገዛበት ብር ሦስት ፍሬም ለማልበስ ይበቃኛል፤ ሙጫውን ጨምሮ። ስለዚህ አልሙኒየሙ መስታወቱንና ክሩን ካለፈ ምንም የሚያከራክር ነገር የለም። እንጨት ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። እንጨቱ ርካሽ ነው፤ ውዱ ጨርቁ ነው። ጋሼ አዲስ የእንጨት ፍሬም የሚሠሩልኝ ከጨርቁ ባነሰ ዋጋ ነው። እኔ በጥምቀት የሠራሁት እንግዲህ ይሄንን ነው። ርካሹን ለማዳን ብዬ ውዱን ገደልኩ።

ጨርቁ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም። ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ጨርቁም አብሮት ወጥቷል። ድሮ ጨርቅ ስቆርጥ መቀስ ይዤ ዝም ብዬ ነበር የምቆርጠው። ዛሬ ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ ረዳቴን አስለክቼ ነው።

እንዲህ ውድ ሆኖ ደግሞ የተሳሳተውን ይዞ መመለስ አለ። ጨርቁ በቁጥር ነው የሚሸጠው፤ ቁጥሩ የክሩን ብዛት ነው የሚናገረው። ችግሩ አንዳንዱ በሴንቲሜትር ይቆጥራል፣ አንዳንዱ በኢንች። ለቲሸርት እኔ የምወደው በሴንቲሜትር 43 ክር ያለውን ነው። በኢንች ሲቆጠር እሱው ራሱ 110 ይሆናል። አንዴ አንድ ሱቅ ገብቼ «110 ስጠኝ» አልኩ። ሰጠኝ፤ ግን በሴንቲሜትር 110 የሆነውን። ያ በጣም ደቃቅ ነው፤ እንደ ነጭ ያለ ወፍራም ቀለም አያሳልፍም። ወጥሬ፣ ለጥፌ፣ ፀሐይ አስመትቼ ነው ያወቅሁት። ጎማውን ብገፋ ብገፋ ቲሸርቱ ላይ ጭጋግ ብቻ። ባለሱቁ ተቆርጧል ብሎ አልመልስም አለ። ያው ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ከዚያ ወዲህ «በሴንቲ ስንት ነው?» ሳልል ብር አላወጣም።

ጨርቁስ መቼ ነው የሚቀየረው? ከተቀደደ ግልጽ ነው። የሚያታልለው የረገበው ነው። የረገበ ጨርቅ ጎማውን ስትገፉ አብሮ ይሄዳል፤ ከቲሸርቱ ላይም ቶሎ አይላቀቅም። ደህና የተወጠረ ስክሪን ከቲሸርቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ጎማው ባለፈበት ብቻ ነክቶ ወዲያው ይነሳል። የረገበው ተለጥፎ ይቀራል፤ ቀለሙም ይስፋፋል። ይህን ደግሞ በላቲን ፊደል ብዙ ላታዩት ትችላላችሁ። የኛ ፊደል ግን ያጋልጣል። አንድ ጊዜ ለሴቶች እድር ስናትም የ«ሴ» ቀለበት በቀለም ተደፍኖ «ሲቶች» ሆኖ ወጣ። የእድሩ ሊቀመንበር የሆኑት እናት መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አወለቁ፣ ደግመው አደረጉ። «ሲቶች ምንድን ናቸው?» አሉኝ። በቃ፣ በዚያው ቀን ጨርቁ ወረደ።

እድፍ ግን ምክንያት አይሆንም። የድሮ ሥዕል ጥላው ጨርቁ ላይ ስለቀረ ብቻ ቀዶ የሚጥል ጓደኛ አለኝ። ቀለም ካሳለፈና ካልረገበ ጥላው ምን ያደርጋል? ለዚያ ማጠቢያ አለው።

የውጥሩን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ እንዳለ አውቃለሁ። ከተማ መሐል ያለ ትልቅ ማተሚያ ቤት አይቻለሁ፤ በኒውተን ነው የሚናገረው። ለቲሸርት ከ20 ኒውተን በላይ ሲሆን ጥሩ ነው። የመሣሪያው ዋጋ ግን ከነጠረጴዛዬ እኔን ይገዛል። እኔ በጣቴ መታ አድርጌ እሰማለሁ፤ መሐሉን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። አዲስ የተወጠረውን አስታውሼ ከሱ ጋር አወዳድረዋለሁ። ይሳሳታል? ይሳሳታል። ግን ከምንም ይሻላል።

መወጠሪያዬን የሠራልኝ የሠፈራችን በር በያጅ ነው። ከስክሪኑ የሚበልጥ የብረት አራት ማዕዘን ነው። በአራቱም ጎን ጨርቁን የሚነክስ ብረት አለው፤ ጨርቁ እንዳይቀደድ ንክሻው ላይ የብስክሌት ውስጠኛ ጎማ ለጥፈንበታል። በብሎን ይሳባል። አንዱን ጎን እስከ መጨረሻ አትስቡም። ከዚህ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ፣ በዙር። ረዳቴ በዚህ ከኔ ይበልጣል፤ እኔ ቸኩላለሁ። ከዚያ ማሳደር ነው። አዲስ ጨርቅ ማታ እንደ ከበሮ ጮኾ ጠዋት እንደ ካርቶን ሆኖ ይገኛል፤ ክሩ ይለቃል። ጠዋት እንደገና ይጠበቅና ከዚያ ነው ሙጫ የሚነካው። የምናውቀው ተራ ማስቲሽ ለዚህ አይሆንም። አንድ ቀን በቲነር ስታጥቡት ጨርቁ ከነውጥሩ ተፈንጥሮ ይነሳል። በሁለት ዕቃ ተሽጦ ሲደባለቅ የሚደርቀውን ሙጫ ነው የምጠቀመው። ፍሬሙ ላይ የቀረውን አሮጌ ሙጫ በምላጭ ፍቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ማድረግም አለ። ይህ አሰልቺ ነው። ረዳቴ ሬዲዮ ከፍቶ ነው የሚሠራው።

ይህንን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። ሥልጠና ሄጄ አውቃለሁ፤ የት እንደሆነ ይቅር። አምስት ቀን ሙሉ ስለ ቢዝነስ ፕላን ተማርን። አሠልጣኙ «ተፎካካሪያችሁን እወቁ» አሉን። ምሳ ጥሩ ነበር። ፍሬም የነካ ግን የለም። ከእኛ ጋር ከሠለጠኑት የሕትመት ልጆች ውስጥ ሦስቱ ዛሬ ሥራውን ትተዋል። ፍሬም ብቻ ነው ያስተዋቸው አልልም፤ አሁን ዲቲኤፍ የሚባለው፣ ሥዕሉ ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት ቲሸርቱ ላይ የሚለጠፍበት፣ መጥቶ አምስትና አሥር ቲሸርት የሚያሳትም ሰው ወደዚያ ሄዷል። ግን አንደኛው ዘጠኝ ቀጥ ያሉ የአልሙኒየም ፍሬሞች በኪሎ ሸጦ ነው የወጣው። ስነግረው ራሱን ያዘ።

ስለዚህ ለጽሑፉ ባለቤት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለኛ ብድርና አዲስ ዕቃ ከሚመከርልን በፊት ወጣቶች ተደራጅተው በሚሠሩባቸው ሼዶች አንድ አንድ መወጠሪያ ለጋራ ይቀመጥ። ውድ አይደለም። ብረት፣ ብሎንና አንድ ጎበዝ በያጅ ነው። አጠገቡ ወፍራም መስታወት ይሁን። ጨርቁንም አምስት ስድስት ሆነው በጥቅል ቢገዙ እራፊው ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ መስታወቱ ላይ የወደቀውን ጣሉ ይበሉን፤ እንጥላለን። እኔ ራሴ የጥምቀቶቹን ሦስት የእንጨት ፍሬሞች ጥያለሁ። ማለት፣ ለጋሼ ሰጥቻለሁ። ሁለቱን የጫጩት ቤት በር አድርገዋቸዋል። ጠማማነታቸው ጫጩቶቹን የሚያስቸግር አይመስልም።

ሦስተኛውን፣ የቀዩን፣ ለምድጃ ፈለጡት። ጨርቁን ግን ከመፍለጣቸው በፊት ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከዳር ዳሩ ቢቆረጥም ለኪስ ላይ አርማ ለምትሆን ትንሽዬ ፍሬም በቃኝ።

ካራ አካባቢ ሆኖ ፍሬሙን የሚጠራጠር ሰው ካለ ይዞ ይምጣ። መስታወቱ በር ላይ ነው፤ አላስከፍልም። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ቢሆን ይሻለኛል። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ጠንከር ስለምትል ስክሪን እያስመታሁ ስለሆነ ቀና ብዬ ሰላም ለማለትም አይመቸኝም።

አክባሪያችሁ፣
የሲልክ ስክሪን አታሚ፣ ከካራ